«ሙቀት ነው» የምትለዋ ድምፅ

«ዘፋኝ ነበሩ እንዴ?» ብለው የሚጠይቁኝ ደንበኞች አሉ። «ነበርኩ» አልልም፤ «ነኝ» ነው መልሴ። ሐዋሳ መሃል ከተማ ውስጥ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ መሸጫ አለኝ። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ፣ እጄ እስከ ክርኔ ቀለም ነክቶት ያየኝ ሰው፣ ይህች ሴትዮ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ካሴት አውጥታ ነበር ቢሉት ባያምን አልፈርድበትም። ያወጣሁት አንድ ካሴት ነው፣ ሁለተኛ የለውም። ግን አንድ ልጅ ብቻ የወለደችን ሴት «እናት አይደለሽም» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ናትናኤል እባላለሁ አለ፤ የድሮ ካሴቶችን እያፈላለገ በሸክላ የሚያሳትም ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው። በኛ ጊዜ ሸክላ የአባቶቻችን ዕቃ ነበር፣ ዘመናዊው ካሴት ነበር፤ አሁን ዞሮ ሸክላው ዘመናዊ ሆኗል። «እትዬ ባዩሽ፣ ‹ምን ያዘኝ›ን እንደገና ልናወጣው ነው፤ ማስተር ካሴቱን ከሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ከጋሽ ሸምሱ ልጆች አግኝተነዋል» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ? የዚያን ቀን ክሬም ቀለም ያዘዘኝን ሰውዬ ሮዝ በጥብጬ ሰጠሁት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ያጸዳነውን ናሙና ይስሙት» ብሎ ስልኬ ላይ ላከልኝ። ሱቁ ውስጥ ግንበኞች ቆመው ነበር፤ አላፈርኩም፣ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቼ ከፈትኩት። ኪቦርዱ ገባ፣ ከበሮው ገባ፣ ከዚያ እኔ ገባሁ፤ ቀጭን፣ ጥጋበኛ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ እኔ። «ምንድን ነው የያዘኝ? ፍቅር ነው» ብዬ ዘፈንኩና ተቀባይዋን ጠበቅኩ። ተቀባይ የለችም። ኪቦርዱ ብቻውን ይንቆረቆራል። ደግሜ ጠየቅኩ፣ አሁንም ዝም። እናቴን አውጥተዋታል። በዚያ ዘፈን ውስጥ ከኋላዬ ሆና «ሙቀት ነው» እያለች የምትቀበለኝ እናቴ ነበረች። ከሞተች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ በዚህ ምድር ላይ ያለው እዚያ ካሴት ውስጥ ብቻ ነው። ግንበኞቹ ፊቴን አይተው «እማማ፣ ምነው?» አሉኝ። «ዘመድ ጠፋብኝ» አልኳቸው።

ያኔ ከተማው ገና «አዋሳ» ነበር የሚባለው። ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ፣ ማን ይገዛ እንደነበረም ተዉት። እኔ የማስታውሰው ጋሪ ከአሮጌው ገበያ እስከ ሐይቁ በስሙኒ ይወስድ እንደነበር ነው። ሐይቁ ዳር አንድ ሙሉ የተጠበሰ አሳ በብር ይገኛል፤ ቢላዋ ማንሳት ብቻ የቀረው አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ አጠገብህ ቆሞ ጭንቅላቱን እስክትጥልለት ይጠብቅሃል። ብስክሌት በሰዓት እንከራይ ነበር፤ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ የሚያፏጩት ጎረምሶች ዛሬ ሽማግሌ ሆነው ከኔ ቀለም ይገዛሉ፣ አልረሳኋቸውም። ሽንሽን ቀሚስ ከነጭ ካልሲ ጋር ይለበሳል፤ ትከሻው ስፖንጅ የተሞላ ኮት ያላት ልጅ ሃብታም ናት። ጸጉራችንን ከሰል ላይ በጋለ ካውያ እንተኩስ ነበር፣ ጆሮዬ ጫፍ ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ። ከሁሉ በላይ ግን ሙዚቃ ቤቶቹን ነው የምናፍቀው። እያንዳንዱ ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን በረንዳ ላይ ያወጣል፤ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ እልህ ተጋብተው እኩል ሲከፍቱት መሃል መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው አንዱን እግር በአንዱ ዘፈን፣ ሌላውን በሌላው ይረግጣል። ዛሬ ሁሉም ሰው ጆሮው ውስጥ ወትፎ ነው የሚሄደው፤ ማን ምን እንደሚሰማ አይታወቅም። ማዕዘኑ ላይ የነበረው የጋሽ ሸምሱ ሙዚቃ ቤት ነው። አሁን ቦታው ላይ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል፤ የውስጡ ቀለም ከኔ ሱቅ ነው የተገዛው።

እናቴ ዳንቺሌ ትባላለች። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ነበር። አባቴ በጊዜ ስለሞተ ላም እያለበች ነው ያሳደገችን፤ ጧት ጧት ወተቱን ይዘን ወደ ከተማ እንገባለን፣ የጋሽ ሸምሱ ቤት ከደንበኞቻችን አንዱ ነው። እኔ ዕቃው እስኪመለስ በር ላይ ቆሜ እዘፍን ነበር፣ አፌ ዝም ማለት አይችልም። አንድ ቀን ጋሽ ሸምሱ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ «ይህቺን ልጅ መዝፈን ማን አስተማራት?» አለ። እናቴ «ላሞቹ» አለችው። ካሴት እናውጣላት ሲላት ግን የወተት ዕቃዋን ተቀብላ ወጣች። ወሬው ከኛ ቀድሞ ቡሹሎ ደረሰ። «አባት የሌላትን ልጅ ዘፋኝ ልታደርጊያት ነው?» ያላላት ሰው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያንም ከመዘምራን ረድፍ አወጡኝ፤ ቦታዬ ላይ ለቁመት ብቻ የምትቆም ልጅ አቆሙ፣ ድምፅ የሚባል አልፈጠረባትም። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ሰምታ አንድ ቀን ወተቱን ስትሰጥ ለጋሽ ሸምሱ «አብሬያት እገባለሁ፤ እኔ ሳልኖር አትዘፍንም» አለችው። በዚሁ ተስማሙ።

አሁን አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፣ ያለዚያ ቀሪው አይገባችሁም። በሲዳማ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም፣ በምትኩ ሌላ ቃል ታበጃለች። ባሊሻ ይባላል። የአያቴ ስም የሚነሳው በ«ፍ» ነው። ሙሉ ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያልጠራችውን እኔ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም። አብዛኞቹ ሴቶች ይህን የሚጠብቁት በሲዳምኛ ነው፣ አማርኛ ላይ የሚቆጣጠራቸው የለም። እናቴ ግን ለአማርኛውም አልራራችለትም፤ «ሰውየው አማርኛ ይሰማ ነበር እኮ» ትላለች፣ አያቴም አባቴም ከሞቱ በኋላ ሳይቀር። ስለዚህ ፍየል «ጢማሟ» ናት። ፍራሽ «መተኛው» ነው። ፍርድ ቤት «ዳኛ ቤት»፣ ፍርፍር «የተቆራረሰው»። ፍቅር ደግሞ «ሙቀት» ነው። «የእገሌን ልጅ ሙቀት ይዞታል» ትላለች፣ ወባ አይደለም፣ ልጁ ወዷል ማለቷ ነው። እኔ አማርኛ ከሷ ስለተማርኩ ትምህርት ቤት ስገባ የፍየል ሥዕል አሳይተው «ይህቺ ማን ናት?» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «ጢማሟ!» ብያለሁ። ክፍሉ ተንጫጫ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የትኛው ስም ለፍየል እንደሚስማማት አልጠራጠርም።

የቀዳነው ዓርብ ቀን ነው። ጋሽ ሸምሱ ለጁምዓ ሲሄድ ሱቁን ይዘጋል፣ በረንዳ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያም ያርፋል፤ ያ መንገድ ጸጥ የሚለው ያኔ ብቻ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ግድግዳ ድምፅ እንዳይወጣ በፍራሽ ሸፍነውታል። እናቴ ገብታ ዞር ዞር ብላ አየችና «መተኛውን ምን አቆመው?» አለች፣ በሹክሹክታ። ግጥሙንም ዜማውንም የሠራው፣ ኪቦርዱንም ከነከበሮው የሚጫወተው፣ መቅጃውንም የሚነካው አንድ ሰው ነው፤ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ስለነበር «ቲቸር» ነበር የምንለው። ተቀባይ ሆነው ይገባሉ የተባሉት የሆቴል ባንድ ሴቶች ዲላ ሰርግ ሄደው ቀሩ። ቲቸር ክፍሉን ቃኘ። ያለነው እኔና እናቴ ነን። «እናቴ፣ እርስዎ ይቀበሏት። አንድ መስመር ናት፣ ‹ፍቅር ነው› ማለት ብቻ ነው» አላት። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳችና ቆመች። መቅጃው አራት መስመር ስለነበረው ለሷም የራሷን ማይክራፎን ሰጣት። እኔ ጀመርኩ፦ «ምንድን ነው የያዘኝ? ፍቅር ነው።» እናቴ ከኋላ «ሙቀት ነው!» ብላ ተቀበለች።

ቲቸር መቅጃውን አቆመ። «እናቴ፣ ‹ፍቅር ነው› ይበሉ።» እሷም «እሺ» አለች፤ እሺ ማለት አታስቸግርም ነበር። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና «ሙቀት ነው»። ሦስተኛውን ሲያቆም እኔ ነገሩን አስረዳሁት። ራሱን አከከ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ግጥሙ የሱ ነው። «እንግዲያው ይቀመጡ፤ አንቺን ብቻ ልቅዳሽ፣ ተቀባዮቹ ሲመጡ ይጨምሩበታል» አለኝ። እናቴ ነጠላዋን መልሳ አጣፋች። ፊቷን አየሁት፤ አልከፋትም፣ እንዲህ እንደሚሆን ድሮም የምታውቅ ሰው ፊት ነበር። እኔ ላይ ግን አንድ ነገር ወጣብኝ። «እሷ ከተቀመጠች እኔም እቀመጣለሁ» አልኩና የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ቲቸር ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፣ ደግሞ ለመነኝ። አልነሳሁም። በዚህ መሃል ጋሽ ሸምሱ ኮፍያውን እንዳደረገ ከሶላት ተመለሰ። «ምን ሆናችሁ ነው?» አለ። ቲቸር የተቀዳውን አሰማው። ጋሽ ሸምሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ «አዋሳ እኮ ነው፣ ሙቀት ቢሆን ምን ይገርማል? ቅዳ!» አለ። ቲቸርም ቀዳ።

ፎቶ ቤቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሐይቁ ቅርባችን ሳለ ግድግዳ ላይ ከተሳለ ሐይቅ ፊት አቆመኝ፤ ትከሻው ስፖንጅ የሆነውን ኮት ያዋሰኝ ፎቶ አንሺው ራሱ ነው፣ እጅጌው ጣቶቼን ይውጣቸዋል። ሽፋኑ ላይ «ትንሿ ባዩሽ» ብለው ጻፉ። የቲቸር ስም አለ፣ የሙዚቃ ቤቱ ስም አለ፣ የእናቴ ስም የለም። ያኔ ልብ አላልኩትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ካሴቱ ግን ወጣ፤ ሻሸመኔ ደረሰ፣ ዲላ ደረሰ፣ ይርጋለም ደረሰ። ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሱን «ሙቀት ነው!» እያሉ ይነዱት ጀመር። ጎረምሳው ልጅቷን «ወድጄሻለሁ» ማለት ሲያፍር «ሙቀት ይዞኛል» ይላታል፣ እሷም ገብቷት ትስቃለች። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ሰሞን፣ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ሜዳ ስሄድ ልጃገረዶቹ ከበቡኝና እኔ «ምንድን ነው የያዘኝ?» ስል ሜዳው ሙሉ በእናቴ ቃል መለሰልኝ። እሷ ራቅ ብላ ዛፍ ሥር ቆማ ነበር፤ ነጠላዋ ውስጥ ስትስቅ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከመዘምራን ያባረሩኝም ሰዎች ልብስ ሲያጥቡ ያንጎራጉሩት እንደነበር ከአስተማማኝ ሰው ሰምቻለሁ።

አዲስ አበባ ሄጃለሁ፣ አልሄደችም እንዳይባል። አንድ አሳታሚ አስጠርቶኝ ቢሮው ውስጥ ካሴቱን ከፈተና «ድምፅሽ ጥሩ ነው። ሁለተኛውን እኛ እንሠራልሻለን። አማርኛሽን እናስተካክላለን፣ ያቺን ከኋላ ያለችውን ሴትዮም እንተዋታለን» አለኝ። ያቺ ሴትዮ ከበሩ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ የመንገድ ስንቃችንን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ተነስቼ ወጣሁ። «ምን አሉሽ?» ስትለኝ «ሙቀት የላቸውም» አልኳት፤ በመጣንበት አውቶብስ ተመለስን። ለምን ሁለተኛ አላወጣሽም የሚለኝ ሰው መልሱ ይኸው ነው። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀለም ሸጥኩ፤ የማዝንበት ነገር የለም። የማዝነው በሌላ ነው። እናቴ ስትሞት ለማስታወሻ የቀረኝ መታወቂያዋ ላይ ያለችው ፎቶ ብቻ ነበረች፤ እሷም በማኅተሙ ግማሽ ፊቷ ተሸፍኗል። ካሴቱን ቀን በቀን እየከፈትኩ አለቀስኩበት። ክሩ ተጎተተ፣ በእስክሪብቶ ጠቀለልኩት፤ በኋላ የእናቴ ድምፅ ወንድ መምሰል ሲጀምር ጨርሶ እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

እንግዲህ ለናትናኤል ደውዬ «ናልኝ፣ በስልክ የሚሆን አይደለም» አልኩት። በአዲሱ ፈጣን መንገድ ከች አለ፣ ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ወንበር ስፈልግለት የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ሰው እንዳይስቅብዎት ብለን እኮ ነው» አለኝ። ለካ አንድ ሰው ካሴቱን ኢንተርኔት ላይ ጭኖት ኖሯል፤ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበልኝ። «የምን ሙቀት ነው? ኤሲ አብሩላቸው እንጂ!» ይላል አንዱ። ሳቄ መጣ፣ ጥሩ አባባል ነው። «ይሳቁ። እኛም ስቀንበታል፤ ከሳቃችን በኋላ ግን ዘፍነነዋል» አልኩት። «እሺ፣ ግን እናትዎ ከዜማውም ይወጣሉ» አለ እየተሽኮረመመ፣ «ድርጅቱ የጠራ ሥራ ነው የሚፈልገው።»

«እናትህ አለች?» አልኩት።

«አለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ስልክህ ላይ ድምፅዋ አለ?»

«ሞልቷል፤ በየቀኑ ነው የምትልክልኝ።»

«የኔ እናት ያለችው እዚያ ዘፈን ውስጥ ብቻ ነው። እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ፣ አልፈርምም። ይህን ያልኩት ዛሬ አይደለም፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ብዬ ጨርሻለሁ።»

አንገቱን ደፋ። «አልደመሰስናቸውም እኮ፣ መስመራቸውን ዘጋነው እንጂ» አለና ላፕቶፑን ወደኔ አዞረው። አራት መስመሮች አሉ፣ ጥርስ ጥርስ የሠሩ። የላይኛዋ እኔ ነኝ አለኝ፣ ከሥሬ ያለችው እሷ ናት፣ ቀሪዎቹ ኪቦርዱና ከበሮው። ረጅም ጊዜ አየኋት። ጥርሶቿ አጫጭር ናቸው፣ እኔ ዝም ስል ብቻ ብቅ ይላሉ።

«የኔን ዝጋው» አልኩት። «ኪቦርዱንም፣ ከበሮውንም ዝጋ። እሷን ብቻ አሰማኝ።»

ዘጋው። መጀመሪያ የካሴት ክር «ሽሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከሩቅ የጋሪ ፈረስ ኮቴ መጣ፤ የአዋሳ የዓርብ መንገድ በበሩ ሥር ሾልኮ ገብቶ ኖሯል። ከዚያ እናቴ፣ ብቻዋን፣ «ሙቀት ነው» አለች። ልጁ ልክ ነው፣ ከዜማው ትወጣለች። እንባዬ ወረደ፤ አልጠረግኩትም፣ ምን ያሳፍራል? ቀጥሎ የኔ ተራ ስለሆነ ዝምታ ጠበቅኩ። ዝምታ ግን አልነበረም። እኔ በምዘፍንበት ቦታ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት የኔው ጩኸት በሸፈነው ቦታ፣ ትንሽ ሹክሹክታ አለ። ናትናኤል ድምፁን ከፍ አደረገው። እያንዳንዱን ስንኝ ስጀምር እናቴ የሆነ ነገር ትለኛለች፣ በሲዳምኛ።

«ምን እያሉ ነው?» አለኝ ናትናኤል።

«‹ጮክ በይ› ነው የምትለው» አልኩት። «‹ጮክ በይ ልጄ፣ ጮክ በይ።›»

በድፍን አዋሳ ያቺ ወተት ሻጭ ልጅ ያን ሁሉ ድፍረት ከየት አመጣችው ያላለ ሰው አልነበረም፤ እኔም ከራሴ ነው እያልኩ ስኮራበት ነው የኖርኩት። ናትናኤል ሥራው ሆኖበት እጁን ወደ ላፕቶፑ ዘረጋ። «የሚቀበሉበትን መስመር እንመልሰው፣ ስማቸውንም ሽፋኑ ላይ እጽፋለሁ» አለኝ። «ያቺን ሹክሹክታ ብቻ ግን ላጽዳት፣ እሷ እንኳን የዘፈኑ አካል አይደለችም።»

እጁን ያዝኩት። «ንክች እንዳታደርጋት» አልኩት። «ልጄ፣ ዘፈኑ እሷ ናት። እኔማ የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት።»